ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ኔትወርክ እምቢ ሲል ከየት እንጀምር

ሊኑክስ ወይ ፍሪቢኤስዲ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚነሳ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ጭናችሁ ኔትወርክ እምቢ ካለ ቶሎ ብላችሁ ሲስተሙን እንደገና ለመጫን አትሩጡ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ውጪ ያለው፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ሴቲንግ ላይ ነው ወይ ደሞ የኔትወርክ ካርዱ ስም ተቀይሮ ኮንፊጉ (የሴቲንግ ፋይሉ) የድሮውን ስም ይዞ ቀርቷል። መጀመሪያ ተርሚናል ከፍታችሁ ሊኑክስ ላይ አይፒ አድሬስ (ip address)፣ ቢኤስዲ ላይ አይኤፍኮንፊግ (ifconfig) ብላችሁ ጻፉና የሚመጣውን እዩ፣ መንገዱን የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ምንም ካርድ አይታይም

ኤልኦ (lo) የሚለውን አትቁጠሩት፣ ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚያወራበት ነው። ከሱ ሌላ ከሌለ ወይ ካርዱ ሴቲንግ ላይ አልበራም ወይ ሲስተሙ ድራይቨር የለውም። ማሽኑን አጥፉና ቨርቹዋልቦክስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ካርዱ ኢነብል መሆኑን እዩ፣ ከዛ የአዳፕተሩን ዓይነት ቀይሩ። ቪርቲዮ (virtio) የሚባለው ዓይነት ፈጣን ነው ግን አሮጌ ሲስተም ላያውቀው ይችላል፣ ኢንቴል ፕሮ 1000 ግን ሊኑክስም ቢኤስዲዎቹም ከድሮ ጀምሮ ስለሚያውቁት እኔ ሁሌ መጀመሪያ እሱን ነው የምሞክረው። እዛው ኬብል ኮኔክትድ የሚለው ላይ ምልክት መኖሩንም እዩ፣ እሱ ከጠፋ ካርዱ እየታየ ሊንክ የለም ይላል።

ካርዱ አለ፣ አይፒ የለውም

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚለፋው። የካርዱ ስም ከዓይነቱ ጋር ይቀየራል፣ ለምሳሌ ፍሪቢኤስዲ ላይ የኢንቴሉ ኢኤም0 ሲባል ቪርቲዮው ቪቲኔት0 ነው፣ ስለዚ ዓይነቱን ስትቀይሩ አርሲ ኮንፍ (rc.conf፣ የሴቲንግ ፋይሉ) ውስጥ ስለ ኢኤም0 የጻፋችሁት መስመር ዋጋ የለውም። ሊኑክስም ላይ ያው ነው፣ ቨርቹዋልቦክስ ላይ ኢኤንፒ0ኤስ3 የነበረው ቪኤምዌር (ሌላው እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያለ ፕሮግራም) ላይ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ኢኤንኤስ33 ይሆናል። አሁን ያለውን ስም ኮንፊጉ ላይ ጽፋችሁ ኔትወርኩን ሪስታርት አድርጉ፣ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ የኔትፕላን ፋይሉ ነው፣ ኦፐንቢኤስዲ ላይ ደሞ የፋይሉ ስም ራሱ የካርዱ ስም ስላለበት ፋይሉን ሪኔም ማድረግ ነው። ሴንትኦኤስ 7 ላይ ከሆናችሁ ስሙ ልክ ሆኖም ኦንቡት ኖ (ONBOOT=no፣ ማሽኑ ሲነሳ ካርዱን አታብራ) ተብሎ ሊቀመጥ ስለሚችል የስ አድርጉት።

በ169.254 የሚጀምር አይፒ ካያችሁ ካርዱ ደህና ነው፣ ዲኤችሲፒ (አይፒ የሚያድለውን አገልግሎት) ጠይቆ መልስ የሚሰጠው ስላጣ ነው።

ኢንተርኔት አለ፣ ኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር በተርሚናል መግቢያው) ግን አይገባም

አይፒው 10.0.2.15 ከሆነ ምንም አልተበላሸም። የቨርቹዋልቦክስ ኤንኤቲ (NAT) ላይ ናችሁ፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ያስወጣል ከውጪ ግን አያስገባም፣ ሁለት ማሽን ብታስነሱም ሁለቱም ይሄንኑ አይፒ ይዘው አይተያዩም። ወይ ፖርት ፎርዋርዲንግ ገብታችሁ የሆስቱን (የዋናውን ኮምፒውተር) ፖርት 2222 ወደ ጌስቱ (ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ) ፖርት 22 አዙሩት፣ ወይ ሁለተኛ አዳፕተር ሆስት ኦንሊ (ከሆስቱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ) አድርጋችሁ ጨምሩ። ለኔ ሁለተኛው ይሻላል፣ ሁሌ ፖርት ስትቆጥሩ ከመኖር ያድናል።

ብሪጅድ (ማሽኑ በቀጥታ ሆስቱ ያለበት ኔትወርክ ውስጥ የሚገባበት) አድርጌው አይፒ አያገኝም

ሆስቱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ አትገረሙ፣ ብዙ ዋይፋይ ካርድና አክሰስ ፖይንት በአንድ ኮኔክሽን ሁለት ማክ አድሬስ (የካርድ መለያ ቁጥር) አይቀበልም። ኬብል ሰኩ ወይ ወደ ኤንኤቲ ተመለሱ። ኬብል ላይ ሆናችሁም ብሪጁ የታሰረው በየትኛው ካርድ እንደሆነ እዩ፣ ላፕቶፑ ከዋይፋይ ወደ ኬብል ሲዞር ብሪጁ የድሮው ላይ ሊቀር ይችላል።

8.8.8.8 ፒንግ ይመልሳል፣ ዌብሳይት ግን አይከፍትም

ዲኤንኤስ (የዌብሳይት ስም ወደ አይፒ የሚቀይረው) ነው። ሪዞልቭ ኮንፍ (resolv.conf) ውስጥ ኔምሰርቨር መኖሩን እዩ።

ክሎን (ኮፒ) የተደረገው ማሽን ከዋናው ጋር ይጋጫል

ሁለቱም አንድ ማክ አድሬስ ይዘው ይሆናል፣ ሴቲንግ ላይ አዲስ ማክ አስወጡለት። ማኩ ተቀይሮም ኡቡንቱዎቹ አንድ አይፒ ከያዙ ማሽን አይዲው (ሲስተሙ የያዘው የራሱ መለያ) ነው፣ ዲኤችሲፒ የሚጠይቁት በሱ ስለሆነ ሰርቨሩ አንድ ማሽን ይመስሉታል። ኢቲሲ ስር ያለውን የማሽን አይዲ ፋይል (/etc/machine-id) ባዶ አድርጋችሁ ሪቡት አድርጉ፣ ፋይሉን ግን አትሰርዙት፣ ሲነሳ ራሱ አዲስ ይጽፍበታል።