የዋልአይ ሰሞን፦ ዓሣው እያለ መንጠቆው ባዶ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ማርች መጨረሻ ላይ የሚኒሶታ ሐይቆች ገና በበረዶ እንደተሸፈኑ ናቸው። ወንዙ ግን ተከፍቷል። ከሴይንት ፖል ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሬድ ዊንግ ስትደርሱ ሚሲሲፒ ላይ ጀልባ ተደርድሮ ታያላችሁ። ሁሉም የመጣው ለዋልአይ ነው። ዋልአይ ከ1965 ጀምሮ የሚኒሶታ ግዛት መለያ ዓሣ ነው። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ አንዴ የቀመሰው ሰው አይረሳውም።

በዚህ ሰሞን ዓሣው እንቁላል ለመጣል ከሬድ ዊንግ በታች ካለው ከፔፒን ሐይቅ ወደ ላይ ይወጣል። ቁጥር 3 የሚባለው ግድብ ስር ሲደርስ አብዛኛው ይቆምና እዚያው አካባቢ ይከማቻል። እንዲህ ተሰብስቦ እያለ ባዶ እጅ መመለስ ያንገበግባል። እኔ ሁለት ዓመት በተከታታይ እንደዚያ ተመልሻለሁ። ችግሩ ከዕድል እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ቀኑን ሙሉ ወረወርኩ፣ አንድም አልነካልኝም

መጀመሪያ የወረወራችሁበትን ውሃ እዩት። ውሃው እየተገፋፋ የሚሮጥ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። በዚህ ጊዜ የውሃው ሙቀት 40 ፋራናይት አካባቢ ነው። የዓሣው ሰውነትም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ከወራጁ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚታገልበት አቅም የለውም። አርፎ የሚቆምበትን ቦታ ይፈልጋል።

ስለዚህ እናንተም ማረፊያውን ፈልጉ። ከድልድይ ምሰሶ ጀርባ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ውስጠኛው ጎን፣ የጎን ቦይ ከሚገናኝበት አፍ ላይ ሞክሩ። መርከብ የሚሄድበት መስመር እንዲጠልቅ ተብሎ ከዳር ወደ መሃል የተደረደሩ የድንጋይ ግድግዳዎች አሉ፤ ከእነሱ ጀርባ ያለው ውሃም ጥሩ ነው። ምልክቱ ላይኛው ገጽ ላይ ነው። አንድ የደረቀ ቅጠል በዓይናችሁ ተከተሉ። እየበረረ መጥቶ ድንገት ቀስ ይላል፣ ከአረፋ ጋር ይዞራል፣ እዚያው ይቀራል። ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙበት ያ መስመር ላይ ወርውሩ። ዓሣው የሚያርፈው ዝግተኛው ውስጥ ነው፣ ምግቡን የሚያመጣለት ደግሞ ፈጣኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመውጣታችሁ በፊት እወቁ። ሬድ ዊንግ ላይ ወንዙ ከዊስኮንሲን ጋር ድንበር ስለሆነ ዋልአይ ዓመቱን ሙሉ ይጠመዳል። እዚያው ሚሲሲፒ ላይ ከፎርድ ግድብ እስከ ሄስቲንግስ ያለው ውሃም ክፍት ነው፤ የያዛችሁትን ግን መልሳችሁ መልቀቅ አለባችሁ። ሌሎቹ የውስጥ ወንዞችና ሐይቆች ለዋልአይ እስከ ሜይ አጋማሽ ዝግ ናቸው። የዓመቱን የሕግ መጽሔት አንብቡ፤ በቁጥርና በመጠን ላይ ያለው ገደብ ይለዋወጣል።

ጎረቤቴ ያወጣል፣ እኔ ግን የለም

ቦታው አንድ ነው፣ ውሃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ወለሉ ላይ ነው። ዋልአይ በዚህ ሰሞን ሆዱ ወለል ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚቆመው። የእናንተ ጂግ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ካለፈ አያየውም፣ ቢያየውም አይነሳለትም።

ጂግ ማለት ጭንቅላቱ ላይ ክብደት ያለበት መንጠቆ ነው። የክብደቱ ምርጫ ትልቅ ጉዳይ ነው። በረጋ ውሃ አንድ ስምንተኛ አውንስ ይበቃል። ወራጅ ካለ ሩብ፣ ከበረታ ሦስት ስምንተኛ አድርጉት። ሲወርድ ጠብ ብሎ ወለል መንካቱ እጃችሁ ላይ ሊሰማችሁ ይገባል። ያ ካልተሰማችሁ ክብደት ጨምሩ። ከዚያ ስንዝር ያህል አንሱት፣ ቀስ አድርጋችሁ መልሱት፣ ጠብቁ። ቀስ ማለት ስል እውነትም ቀስ ነው። ቀርፋፋ እስኪመስላችሁ ድረስ።

እኔ ጓንቴን አውልቄ ክሩን በሌባ ጣቴ ላይ አሳርፈዋለሁ። ጣቴ ይደነዝዛል፣ ግን እንዲህ የማደርገው ብዙውን ጊዜ አነካኩ መጎተት ስላልሆነ ነው። እርጥብ ቅጠል ክሩ ላይ እንደተኛ ዓይነት ክብደት ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ደግሞ ጂጉ ወለል መንካት ያለበት ሰዓት ላይ አይነካም። ይህን ጊዜ ሳታመነቱ ሳቡ።

ይነካል፣ ግን አይያዝም

መንጠቆው ላይ ያለችው ሚኖ፣ ያቺ ጣት የምታህል ትንሽ ዓሣ፣ ጭራዋ ተቆርጦ ከመጣች ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ዋልአይ ሙሉውን አይውጥም፣ ከኋላ ቆንጠር ያደርጋል። ከጭራዋ አጠገብ ትንሽ ተጨማሪ መንጠቆ እሰሩ። ወይም አነስ ያለች ሚኖ ተጠቀሙ። ችግሩ ብዙ ጊዜ በዚህ ያልቃል።

የምይዘው ትንንሽ ወንዴ ብቻ ነው

ዓሣውን ስታነሱ እጃችሁ ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ከፈሰሰ ወንዴ ነው፤ ለመራባትም ዝግጁ ነው። ወንዴዎቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ እንቁላሉ የሚጣልበት ጠጠር ላይ ለሳምንታት ይቆያሉ። ሴቴዋ ግን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ትጠብቃለች። ውሃው ከ42 እስከ 50 ፋራናይት ሲሞቅ በሌሊት ወደ ጥልቀት አልባው ጠጠር ትወጣለች፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሌሊት እንቁላሏን ጨርሳ ትሄዳለች። ትልቅ ዓሣ የምትፈልጉ ከሆነ ከጠጠሩ በታች ወዳለው ጥልቅ ጉድጓድ ውረዱ።

ስትይዟት ግን ልቀቋት። ይህን አጥብቄ የምለው አገር ቤት ስለማውቀው ነገር ነው። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል። መረቡ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ምን ያህል እንደተመናመነ የዓሣ አስጋሪዎቹ ልጆች ያውቃሉ። አንዲት ሁለት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ዋልአይ ከመቶ ሺህ በላይ እንቁላል ትይዛለች። እጃችሁን አርጥቡ፣ ሆዷን ከስር ደግፉ፣ ስንጥቧን አትንኩ፣ ፎቶ ካነሳችሁ ቶሎ ወደ ውሃ መልሷት። ለድስት የሚሆነው መካከለኛው ወንዴ ነው፤ ሥጋውም ይሻላል።

ውሃው ቡና መስሏል

በረዶ ሲቀልጥ ሚኒሶታ የሚባለው ወንዝ ጭቃውን ይዞ ወደ ሚሲሲፒ ይመጣል። ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ አረንጓዴ ቀለም ተጠቀሙ፣ ወደ ዳር ቅረቡ። ከሁሉ የተሻለው ግን ጥርት ያለ ገባር የሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ፕሬስኮት ላይ የሴይንት ክሮይ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር ሲገናኝ የሁለቱን ውሃ ድንበር በዓይን ታዩታላችሁ። ወንዙ ሞልቶ ዳር ያለውን ሣር ከሸፈነው ደግሞ እዚያ ሞክሩ፤ ዋልአይ በጎርፍ በተዋጠ ሣር ላይም እንቁላል ይጥላል። በዚህ ሙሌት ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው የሕይወት ጃኬቱን አያውልቅ። 40 ፋራናይት ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው እጅ በደቂቃዎች ውስጥ አይታዘዝም።

ትናንት ነበር፣ ዛሬ ጠፋ

ሌሊቱን ብርድ ተመልሶ ከሆነ የትም አልሄደም። ጠለቅ ብሏል፣ አኩርፏል። እዚያው ቆዩ፣ ይበልጥ ዝግ በሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያለችውን ሰዓት አታሳልፉ። ዋልአይ ዓይኑ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ስለሆነ በድንግዝግዝ አድኖ ከሚበላው ትንሽ ዓሣ የተሻለ ያያል።

ኤፕሪል ማለቂያ ከሆነና ውሃው ከ50 ፋራናይት ካለፈ ግን ሰሞኑ አልቋል። ሴቴዎቹ ወደ ታች ወርደው አርፈዋል፣ ለጥቂት ቀናትም እምብዛም አይበሉም። ግድቡ ስር መቆም ትታችሁ ወደ ፔፒን አቅጣጫ ውረዱ። አሁን የድንጋይ ግድግዳዎቹን ጀርባ ሳይሆን ውሃው የሚመታውን ፊት ፈትሹ። ረሃብ ሲመለስባቸው የሚቆሙት እዚያ ነው።