የእንጀራ ጋጋሪዎች ማኅበርን ምጣድ ማሻሻል፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ቡድኖች

የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ከእንጀራ ጋጋሪዎች ማኅበር ጋር ልትሠሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ኮምፒውተር ላይ ሥዕል አትሣሉባቸው። ማኅበሩ «ምጣዳችን ደካማ ነው፣ ጠንከር ያለ ሥሩልን» ይላችኋል። ይህን ቃል በቃል ወስዶ ባለ 5 ኪሎዋት ምጣድ የሚነድፍ ቡድን፣ ተገጥሞ ሲሞከር ከድሮው የባሰ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ነው። ምጣዱ ራሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ መለካት

ሁሉም ምጣዶች በሚሠሩበት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ፣ ሂዱ። ክላምፕ ሜትር (ሽቦ ሳይቆረጥ አምፔሩን የሚለካ)፣ መልቲሜትር (ቮልትና ኦም የሚለካ)፣ እስከ 400 ዲግሪ የሚያነብ በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ሚዛንና ሰዓት ያዙ። ጋጋሪዎቹን ከሥራቸው አታስቁሙ፤ ሊጡ አይጠብቅም። ከጎን ቆማችሁ መዝግቡ፣ ጥያቄውን ሥራ ሲቀል አቅርቡ።

መጀመሪያ ቮልቴጁን ምጣዱ ዘንድ ለኩ፦ አንድ ምጣድ ብቻ ሲሠራ፣ ከዚያ ሁሉም ሲሠሩ። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፣ በውስጡ የሚግለው የኒክሮም ሽቦ ሬዚስታንስም 13.8 ኦም ነው። ሙቀቱ የሚከተለው የቮልቴጁን ካሬ ስለሆነ፣ 190 ቮልት ብቻ ከደረሰው 2.6 ኪሎዋት ይሰጣል። ሩብ ጉልበቱ ጠፋ ማለት ነው፤ ጋጋሪዋ «ዓይኑ አልወጣም» ስትል የምትናገረው ይህንኑ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ምጣዶች በ30 ሜትር ርዝመት፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ላይ ቢሠሩ መሄጃና መመለሻው ላይ 14 ቮልት ይጠፋል። ከዚያም በላይ 32 አምፔር ለዚያ ሽቦ ስለሚበዛ ልባሱ እየጋለ ይደርቃል፤ ይህ የእሳት አደጋ ነው። ሽቦው ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን የሚጠፋው ወደ 6 ቮልት ይወርዳል። ለእንዲህ ያለው ማኅበር ትክክለኛው መፍትሔ ሽቦ መቀየር ነው። ፕሮጀክቱ ትንሽ መሰለ ብላችሁ አዲስ ምጣድ አትጫኑባቸው፤ ውጤቱን በቁጥር ካሳያችሁ ለአማካሪ መምህራችሁም ይበቃል።

ቮልቴጁ ገና ቆጣሪው ላይ ዝቅተኛ ከሆነ ግን የውስጥ ሽቦ መቀየር አያድንም። ያኔ ለ200 ቮልት ንደፉ፦ 3.5 ኪሎዋት ለማግኘት 11.4 ኦም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው፣ መስመሩ ነጻ ሲሆን 220 ይመለሳል፣ ምጣዱም 4.2 ኪሎዋትና 19 አምፔር ይሆናል። ሽቦውና ብሬከሩ የሚመረጡት ለዚህ ለከፋው ሁኔታ ነው፤ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ከባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ጋር።

ቀጥሎ ፍጆታ። ብዙዎቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች የምትበራ ትንሽ መብራት አላቸው፣ ፊታቸው ላይም በኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1000 የተጻፈበት ከሆነ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በደቂቃ 58 ጊዜ ያህል ያበራታል። ሌላው ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ በአንድ ምጣድ 30 እንጀራ ሲጋገር ቁጠሩ፤ የማሞቂያውን ጊዜ ለብቻ መዝግቡ። የምትነሡበት ቁጥር «ለአንድ እንጀራ ይህን ያህል ኪሎዋት ሰዓት» የሚለው ነው።

ቁጥሩ ብዙ ይሁን ትንሽ የምታውቁት ከአነስተኛው ስሌት ጋር ስታስተያዩት ነው። 450 ግራም ሊጥ ከ20 ዲግሪ ወደ መፍያው ማድረስና 100 ግራም ያህል ውሃ ማትነን 350 ኪሎጁል አካባቢ ይፈጃል፤ ይህም 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አትርሱ፣ የባሕር ወለል ቁጥር አትጠቀሙ። ከ0.1 በላይ ያለው በሥርና በጠርዝ የሚያመልጥ፣ እንዲሁም አክምባሎው ሲነሣ የሚወጣ ሙቀት ነው።

አንድ ገጽ ስምምነት

ሥራ ሳይጀመር ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር ተፈራረሙ። አራት ነገር ይኑረው፦ ዒላማው በቁጥር፣ የዕቃ ወጪውን ማን እንደሚችል፣ የተሠራው ምጣድ የማን እንደሚሆን፣ እናንተ ከተመረቃችሁ በኋላ ማን እንደሚጠግነው። አራተኛው ንድፉን ይወስናል። ጠጋኙ በሰፈሩ ያለ ኤሌክትሪሽያን ከሆነ፣ እሱ በፒንሳና በካቻቢቴ የማይፈታው ነገር አይግባበት። በአርዱይኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የሚሠራ መቆጣጠሪያና የስልክ መተግበሪያ በዚህ ምክንያት አልመክርም፤ ሲበላሽ ምጣዱ አብሮ ይቆማል፣ የዚያን ቀን ሊጥም ይበላሻል።

መሥራት

ከኒክሮም ሽቦው ጀምሩ። ባለ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ሽቦ በሜትር 0.96 ኦም ገደማ ስላለው 13.8 ኦም ለማግኘት 14.4 ሜትር ያስፈልጋል። ባለ 1 ሚሊሜትር ብትወስዱ 10 ሜትር ይበቃችኋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን ያው 3.5 ኪሎዋት በጠባብ ገጽ ላይ ይወጣል፦ በካሬ ሴንቲሜትር 11 ዋት፣ በወፍራሙ 6.5 ብቻ። ቀጭኑ ቶሎ የሚበጠሰው ለዚህ ነው። የገዛችሁትን ሁሉ በመልቲሜትር ለኩ፤ ገበያ ላይ ያለው ውፍረት ሁልጊዜ የተባለው አይደለም።

በሸክላው ሥር ያለውን ቦይ ርዝመት በክር ለኩና የተጠመዘዘውን ሽቦ በዚያ ልክ እኩል ሳቡት። በየሜትሩ ምልክት ማድረግ ይረዳል። አንድ ቦታ ተጠጋግቶ ከቀረ እዚያ ይግላል፣ እንጀራውም እዚያው ያርራል። ጠርዙ ሙቀት በብዛት የሚያጣ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ከመሃሉ ይልቅ አቀራርቧቸው።

ቦዩን በጄሶ መድፈን የተለመደና ርካሽ ነው። ጄሶ ግን ከ150 ዲግሪ በላይ ውስጡ ያለውን ውሃ እያጣ ይፈረፈራል፤ ሽቦው ይወርድና ከምጣዱ የላሜራ ማቀፊያ ጋር ይነካካል። እሳት የሚቋቋም ሲሚንቶ ከተገኘ ይሻላል፣ ግን እርጥብ እያለ በሙሉ ኃይል ከተለኮሰ እንፋሎቱ ይሰነጥቀዋል። ለአንድ ቀን ጥላ ሥር ካደረቃችሁት በኋላ ሁለት ተመሳሳይ ምጣዶችን በተከታታይ አገናኙ፤ እያንዳንዱ 110 ቮልት ደርሶት 875 ዋት ብቻ ይሰጣል። በዚህ ሁኔታ ሦስት አራት ሰዓት ይድረቁ።

የሸክላው ውፍረት ክርክር የሚያስነሣ ነው። 58 ሴንቲሜትር ስፋትና 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ 9.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 180 ዲግሪ ለመጨመር 0.43 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 1.2 ሴንቲሜትር ሲሆን 0.26 ይበቃዋል። የሚቆጥበው ማሞቂያውን ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ። ቀኑን ሙሉ ለሚጋግር ማኅበር ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ ሊጥ ሲፈስበት ቶሎ ይበርዳል፣ ሲነሣና ሲቀመጥም ይሰበራል። ለማኅበር 1.6 ሴንቲሜትር አካባቢ እመርጣለሁ።

ትልቁ ቁጠባ ያለው ሥር ነው። በሸክላውና በላሜራው መካከል 5 ሴንቲሜትር የድንጋይ ሱፍ አስገቡ፤ አስቤስቶስ በምንም ዋጋ አትጠቀሙ። ሱፉ ሊጥና ውሃ ከጠጣ ከንቱ ስለሚሆን የላሜራው ጠርዝ 1 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ታጥፎ ፍሳሹን ወደ ውጭ ይምራው።

መገጣጠሚያው ላይ ስፒናና ሶኬት ይቅር። 16 አምፔር ለሰዓታት ሲያልፍበት ተራ ሶኬት ይቀልጣል። በሸክላ ተርሚናል፣ ሙቀት በሚችል ሽቦና በግድግዳ ማብሪያ በቀጥታ አገናኙ። ላሜራው ከአርዝ (ከመሬት ሽቦው) ጋር ይታሰር፣ መስመሩ ላይም 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚያቋርጥ መከላከያ ይግባ፤ ጋጋሪዋ እርጥብ እጅ አላት፣ እግሯም አንዳንዴ እርጥብ መሬት ላይ ነው። ሸክላው ያደረ እርጥበት ስላለው መከላከያው ጠዋት ላይ ሊያቋርጥ ይችላል። ያን ጊዜ ምጣዱን አድርቁት እንጂ መከላከያውን አትንቀሉት።

ቴርሞስታት ከጨመራችሁ ሽቦውን በቀጥታ አያብራና አያጥፋ፤ ባለ 25 አምፔር ኮንታክተር (ትልቅ ጅረት የሚያበራና የሚያጠፋ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ያዝዝ። ማብሪያና ማጥፊያው መካከል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ልዩነት ስጡት።

መፈተሽ

አዲሱን ምጣድ አሟሹት፤ ይህን ለጋጋሪዎቹ ተዉት፣ ከእናንተ ይልቅ ያውቁበታል። ከዚያ በአምስት ቦታ ሙቀቱን ለኩ፦ መሃል ላይና ከጠርዙ 5 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ በአራት አቅጣጫ። ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ወደ ሽቦው ተመለሱ።

የመጋገር ፈተናው ፍትሐዊ የሚሆነው አንድ ጋጋሪ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሊጥ፣ በሁለቱም ምጣድ 30 ስትጋግር ነው። የትናንቱን ሊጥ ከዛሬው ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርም፤ እርሾውና አብሲቱ ይለያያሉ። እንጀራዎቹን ከየትኛው እንደመጡ ሳትናገሩ ለሌሎች ጋጋሪዎች አቅርቡ፣ ዓይኑን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ይፍረዱ። ኃይል ቆጥቦ ጀርባው የሚደርቅ ምጣድ አልፏል አይባልም፤ ገዢው አይወስደውም።

ማስረከብ

ከምጣዱ ጋር የሚሰጥ፦ 15 ሜትር ትርፍ ኒክሮም ሽቦ፣ ሁለት የሸክላ ተርሚናል፣ በአማርኛ የተጻፈና ላሜራው ላይ የተለጠፈ የሽቦ ሥዕል፣ ትክክለኛው ኦም በትልቅ ቁጥር። ቁጥሩ እዚያ የሚጻፈው ሽቦው ሲበጠስ ጠጋኙ ቆርጦ እንዳይጠመዝዘው ነው። አንድ ሜትር ካጠረ 3.5 ኪሎዋቱ ወደ 3.8 ይወጣል፣ የተጠመዘዘበት ቦታም ስለሚግል በቅርቡ እንደገና ይበጠሳል፤ በየጥገናው ያጥራል። ሙሉ ሽቦው ይቀየር።

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳችሁ የተርሚናሎቹን ብሎኖች አጥብቁ። መጋልና መብረዱ ያላላቸዋል። በዚያው ቀን ቮልቴጁንና ኦሙን እንደገና ለክታችሁ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ፤ ሪፖርታችሁ ውስጥ የሚገባው የዚህ ቀን ቁጥር ነው።