በሩና ደወሉ እኩያ አይደሉም፦ የደወል ቤትን ታሪክ ከግንቡ ላይ ለማንበብ

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የአጥቢያቸውን ታሪክ ሲያዘጋጁ «ይህ ደወል ቤት መቼ ተሠራ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እስከ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ሱሉልታ ባሉ አጥቢያዎች ቅጥርና ደጀ ሰላም ስጠግን የኖርኩ ግንበኛ ነኝ። በእጄ ካለፉት ደወል ቤቶች ብዙዎቹ መጀመሪያ ተራ በር ነበሩ፤ ደወሉ ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ዘመን ለየብቻ ፈልጉ።

አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዳችሁ፣ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ግቡ። መጀመሪያ በሩን ከውጭም ከውስጥም እዩት። ሁለቱ ፊቶች ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ለምሳሌ በፈረንሳይ አልዛስ፣ ሪክቪር በምትባል መንደር፣ ዶልደር የሚሉት 25 ሜትር ከፍታ ያለው የበር ግንብ አለ። የተሠራው በ1291 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አገር አጼ ያግብአ ጽዮን በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ወደ ውጭ የዞረው ፊቱ ጠላት የሚመክት ወፍራም ድንጋይ ሲሆን፣ ወደ መንደሩ የዞረው ግን እንጨትና መስኮት ያለው የመኖሪያ ቤት ገጽታ ነው፤ አናቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ደወል ተሰቅሏል። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመንም ግንቡ ተጠናክሯል። 1291 ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ የኋላውን ሥራ ሁሉ ታስቀሩታላችሁ።

አሁን መጋጠሚያውን ፈልጉ። ከበሩ ጉበን በላይ የድንጋዩ ረድፍ በድንገት የሚቀየርበት መስመር ካለ፣ እዚያ ላይ ሌላ እጅ ገብቷል። ታች በጭቃና በጭድ የተያያዘ፣ ላይ በሲሚንቶ የታሰረ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። ነገር ግን አትቸኩሉ፤ ሲሚንቶው በኋላ ጊዜ የተለሰነ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ስንጥቁ ውስጥ ገባ ብላችሁ እዩ። ግንቡን ግን አትፈልፍሉት።

እንጨቱ ከድንጋዩ የበለጠ ይናገራል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ጉበኑ ጽድ ሆኖ ደወሉ የተንጠለጠለበት አግዳሚ ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ አግዳሚው ከዚያ ወዲህ የተገጠመ ነው። ጽድ ብቻውን ግን እርጅናን አያረጋግጥም፤ ዛሬም ይሠራበታል። ቀጥሎ የላይኛውን ወለል ከሥር ሆናችሁ ተመልከቱ። የደወሉ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ የወለሉን ሳንቃ መሐል ለመሐል ቆርጦ ካለፈ፣ ወለሉ ሲሠራ ደወል አልታሰበም ማለት ነው። የቀዳዳው ጠርዝ በገመዱ ተሞርዶ እንደ መስታወት ለስልሶ ታገኙታላችሁ። ይህን ስነካ እጄን ቶሎ ማንሳት አልችልም፤ የስንት ደዋይ ድካም ነው!

ደወሉ ላይ ጽሑፍ ካለ በወረቀትና በእርሳስ አሽታችሁ ገልብጡት። ከውጭ የመጣ ከሆነ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነውና እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ቀንሱ። ይህም ደወሉ ቀልጦ የተሠራበት ዓመት እንጂ የተሰቀለበት አይደለም።

ሽማግሌዎችን «መቼ ተሠራ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ደወሉ እዚህ ሳይሰቀል የት ነበር?» በሉ። ከወይራ ዛፍ ላይ ይንጠለጠል የነበረ የድንጋይ ደወል የሚያስታውስ እናት ወይም አባት አይጠፋም። ከዚያ «ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ?» ብትሉ መልሱ ከ1928 ወዲህና ወዲያ ይለይላችኋል።

ያረጀ በር ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ አንጀቴ እርር ይላል። ማፍረስ ግድ ከሆነ አስቀድማችሁ አራቱንም ፊት ፎቶ አንሱ፣ መጋጠሚያውን በሜትር ለኩ፣ የበሩን ድንጋዮች ከታች ጀምራችሁ በከሰል ቁጥር ጻፉባቸው። ቁጥሩ ዝናብ እንዳያጥበው ድንጋዮቹን ጣራ ሥር ደርድሩ፤ ዝርዝሩን ለቄሰ ገበዙ ስጡ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለግንበኛው።