ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለምታስተምሩ

የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ግድያ ያለበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ዝም ይላል። የሚያሳስበው ዝም ያለው ነው።

ታሪኩ ውስጥ በር ሲንኳኳ፣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መጽሐፉን ክደኑት። ልጆቹ ከደብተር ቁራጭ ወረቀት ይቅደዱ። በፊቱ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?»፣ በጀርባው «ምኑ ከበደኝ?» ብለው ይመልሱ። ስም አይጻፍም። ግምቶቹን በማግስቱ አንብቡላቸው፤ ጀርባውን ለራሳችሁ ያዙት (የእጅ ጽሑፉን ብታውቁትም ክፍል ውስጥ እንዳላወቀ ሁኑ)። የገመተ ልጅ መልሱን ሳያይ አያርፍም። ስም ስለሌለው ደግሞ በአፉ የማይለውን ይጽፋል።

በድሬ ሙቀት ከሰዓት ላይ አትሞክሩት። እንኳን ገዳዩን፣ እስክሪብቷቸውንም አይፈልጉም። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ልጅ ካለ ግን ያንን ምዕራፍ ዝለሉት።