ለዓይን ቆብ የውበት ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሲመርጡ

የላላ የዓይን ቆብን ለማስተካከል ወይም ከዓይን ሥር ያበጠውን ለማስወገድ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ቀላል ቢመስልም፣ ምላጩ የሚያልፈው ከዓይን ብሌን በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ስለሆነ የማደንዘዣው ምርጫ ከቀዶ ሕክምናው ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ምንም እንዳይሰማኝ አስተኙኝ» ብሎ ይጀምራል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ምርጫው መነሣት ያለበት የሚሠራው የላይኛው ቆብ ነው ወይስ የታችኛው፣ የታካሚው ጤንነት ምን ይመስላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ትንፋሽዎን የሚከታተለው ማን ነው ከሚሉት ጥያቄዎች ነው።

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆቡ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ አይቀርም። ዓይን ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና ቀዳሚ ነው፤ የቪየናው ሐኪም ካርል ኮለር በ1884 እ.ኤ.አ. የዓይንን ገጽ በጠብታ አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። ዛሬ የተለመደው ሊዶኬይን የተባለው የሚያደነዝዝ መድኃኒት በ1 ወይም በ2 በመቶ ጥንካሬ ከኤፒነፍሪን ጋር ተቀላቅሎ ሲወጋ ነው። ኤፒነፍሪኑ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ መድማትን ይቀንሳል፣ የመደንዘዙንም ጊዜ ያራዝማል፤ ለዚህም ነው ጠንቃቃ ሐኪም ከወጋ በኋላ ወዲያው ሳይቆርጥ አሥር ደቂቃ ያህል የሚጠብቀው። መርፌው ሲገባ ለጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል። ቀጭን መርፌ መጠቀም፣ ቀስ ብሎ መውጋትና መድኃኒቱን ከሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር ማደባለቅ ይህን ማቃጠል ስለሚቀንሱ፣ ሐኪምዎ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚጠቀም መጠየቅ ይችላሉ። የመጠኑ ጉዳይ ብዙም ሊያሳስብዎ አይገባም፤ ከኤፒነፍሪን ጋር የሚሰጥ ሊዶኬይን በተለምዶ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ7 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል፣ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 420 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአራቱም ቆቦች ላይ 1 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር ቢወጋ እንኳ 100 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

በዚህ ማደንዘዣ ሕመሙ ይጠፋል እንጂ የመነካትና የመጎተት ስሜት አይጠፋም። በተለይ ከቆቡ ውስጥ ስብ ሲወጣ ጠለቅ ያለ ሕመም ሊሰማ ይችላል፤ ያን ጊዜ ራስን ሳያንቀሳቅሱ በቃል መናገር ነው፣ ሐኪሙ ይጨምርልዎታል። የላይኛው ቆብ ቆዳ ብቻ የሚቀነስ ከሆነና ታካሚው የሚረጋጋ ሰው ከሆነ፣ ይህ ብቻውን ወይም ከአንድ የማረጋጊያ ክኒን ጋር ይበቃል ብዬ አምናለሁ። እንደ ዳያዜፓም ያለ ክኒን ግን አንዴ ከተዋጠ መጠኑን መቀነስ ስለማይቻል፣ ሐኪሙ ከሰጠው በላይ ቤት ውስጥ ጨምሮ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም።

በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ ከዚህ ከፍ ያለ ደረጃ ነው። ሚዳዞላም ጭንቀትን ያቀላል፣ የሆነውንም ያስረሳል፤ ፈንታኒል ሕመም ያስታግሳል፤ ፕሮፖፎል ደግሞ በፍጥነት ያስተኛል፣ ሲቆምም በፍጥነት ይለቃል። በቀላል እንቅልፍና በጥልቅ እንቅልፍ መካከል ያለው ድንበር ግን ስስ ነው፤ እንዲረጋጋ ብቻ የታሰበ ታካሚ ሳይታሰብ ትንፋሹ እስኪዳከም ድረስ ሊያንቀላፋ ይችላል። ለሚዳዞላም ፍሉማዜኒል፣ ለፈንታኒል ናሎክሶን የተባሉ ማርከሻዎች አሉ። ፕሮፖፎል ግን ማርከሻ የለውም፤ መድኃኒቱ እስኪለቅ ድረስ ትንፋሹን የሚደግፍ እጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፕሮፖፎል የሚሰጥዎ ከሆነ፣ ቆቡን የሚሠራው ሐኪም ራሱ በጎን ማደንዘዣውንም እቆጣጠራለሁ ቢልዎ አይቀበሉ። ሌላ ሥራ የሌለው፣ ዓይኑን ከእርስዎና ከመሣሪያው ላይ የማይነቅል የሰመመን ባለሙያ መኖር አለበት። የደም ኦክስጅንን፣ የደም ግፊትን፣ የልብ ምትንና የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለኩ መሣሪያዎች መኖራቸውንም ይጠይቁ።

ብዙዎች የማይጠይቁት የእሳት ጉዳይም አለ። የደም ሥር የሚዘጋው በኤሌክትሪክ በሚግል መሣሪያ ሲሆን፣ በአፍንጫ የሚሰጠው ኦክስጅን ፊት ላይ በተሸፈነው ጨርቅ ሥር ከተጠራቀመ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እንቅልፉ በጠለቀ ቁጥር ተጨማሪ ኦክስጅን የማስፈለጉ ዕድል ስለሚጨምር፣ ለፊት ቀዶ ሕክምና ቀለል ያለ ማረጋጊያን ከሚያስመርጡ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት የታካሚው ትብብር ነው። ከቆዳው በተጨማሪ የቆቡ ማንሻ ጡንቻ ደክሞ የሚጠገን ከሆነ፣ ሐኪሙ በመካከል «ዓይንዎን ይክፈቱ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ» ብሎ የሁለቱን ቆቦች ከፍታ ያመዛዝናል፤ በጥልቅ የተኛ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። በውጭ አገር የምትታከሙ አንባቢዎች እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ማረጋጊያ የወሰደ ሰው ሁለተኛ ቋንቋውን ለመከታተል ሊቸገር ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ሲኖርባቸው፣ የግል የውበት ክሊኒክ ግን ላይኖርበት ስለሚችል ቀድመው ይጠይቁ፤ ጥቂቶቹን ትእዛዞችም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሐኪሙ ጋር ይለማመዱ።

ሙሉ ሰመመን የሚመረጠው በታችኛው ቆብ ላይ ሰፊ ሥራ ሲሠራ፣ ከፊት ቆዳ ማጥበቅ ጋር ሲጣመር ወይም ታካሚው ነቅቶ መቆየት በጭራሽ ሲሳነው ነው። ሲነቁ የሚመጣው ማሳልና ማስመለስ የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ሊያደማ ስለሚችል፣ ማስመለስ የሚቀናዎ ከሆነ መከላከያ እንዲሰጥዎ አስቀድመው ይናገሩ።

ለሰመመን ባለሙያው ምንም አይደብቁ። ሌሊት ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ከሆነ፣ ጫት የሚቅሙ ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን ወይም ለክብደት መቀነሻ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ከዘመድዎ በሰመመን ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ካለ ሳይሳቀቁ ይንገሩ። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ግን ያዘዘልዎት ሐኪም ሳይፈቅድ በራስዎ አያቁሙ።

ስለ ምግብ፣ የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለጤነኛ ሰው እንደ ውሃ ያለ ንጹሕ ፈሳሽን ማደንዘዣው ከመሰጠቱ 2 ሰዓት በፊት ድረስ፣ ቀላል ምግብን 6 ሰዓት በፊት ድረስ ይፈቅዳል፤ ቅባት ለበዛበት ምግብ 8 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ወተት የሌለው ቡና ከንጹሕ ፈሳሽ ሲቆጠር፣ ማኪያቶ ግን በወተቱ ምክንያት 6 ሰዓት ይጠበቅበታል፤ በቅቤ የራሰ ፍርፍር ደግሞ ከቅባት ምግብ ጋር ነው። ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ትእዛዝ ከሰጠዎ የእርሱን ይከተሉ።

ማረጋጊያ ወይም ሙሉ ሰመመን ከወሰዱ ለ24 ሰዓት መኪና አይንዱ፣ ውል አይፈርሙ፤ ወደ ቤት የሚወስድዎና አብሮዎ የሚያድር ሰውም ያዘጋጁ። ያ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ በአንደኛው ዓይን ላይ ብርቱ ሕመም ከተነሣ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ከገፋ ወይም ማየት ከቀነሰ፣ ከዓይኑ ጀርባ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሊወስድዎ ይገባል።