አንዱ ፍላፕ ወርዶ ሌላው ሲቀር፦ የሞዴል አውሮፕላን የፍላፕ ሰርቮ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ አካባቢ የወጣቶችን ሞዴል አውሮፕላን ስጠግን ብዙ የተሰበረ ክንፍ በእጄ አልፏል። ፍላፕ የምለው ለማረፍ ሲባል ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚታጠፈውን ቅጠል ነው፤ ሰርቮ ደግሞ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ነው። ባትሪው መሙላቱን፣ ሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ትዕዛዝ ተቀባይ) ከሪሞቱ ጋር መገናኘቱን፣ ሶኬቱ በትክክል መሰካቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ፕሮፔለሩን ግን ሳታወልቁ ምንም አትንኩ።

ፍላፑ ሲወርድ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል

ሰው ሁሉ ይዞብኝ የሚመጣው ይህንን ነው። አንድ ልጅ ጤፍ የታጨደበት ማሳ ላይ አዲሱን የፎም አውሮፕላኑን ሊያሳርፍ ዝቅ አድርጎ መጣ። አጥሩን እንዳለፈ የፍላፑን ማብሪያ ገፋ። የግራው ፍላፕ ወረደ፣ የቀኙ ሽቅብ ተቀሰረ። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ተገልብጦ የጭድ ክምሩ ሥር ተሰካ። «ጋሼ፣ ቤት ሞክሬው ነበር እኮ» አለኝ። የሞከረው የግራውን ክንፍ ብቻ ሰክቶ ነው፤ ቀኙንም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ተወው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለቱ ሰርቮዎች በዋይ ገመድ (አንዱን መስመር ለሁለት በሚከፍል ገመድ) ከአንድ ቻናል፣ ማለትም ከአንድ የትዕዛዝ መስመር ሲነሱ አንድ ትዕዛዝ ይደርሳቸዋል፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ክንፉ ውስጥ ግን እንደ ቀኝና ግራ እጅ ተቃራኒ ሆነው ከተቀመጡ ያው ዙር አንዱን ፍላፕ ያወርዳል፣ ሌላውን ያነሳል። ሪሞታችሁ 6 ቻናል ካለው ለእያንዳንዱ ሰርቮ የራሱን ቻናል ስጡና አንዱን ሪሞቱ ላይ ሪቨርስ አድርጉ (ዙሩን ገልብጡ)፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ቻናል ካጠረ መገልበጫ ያለው ዋይ ገመድ ግዙ። እሱም ከጠፋ፣ ሰርቮው ገና ካልተለጠፈ፣ የሁለቱም ክንድ (ሰርቮው ላይ የሚዞረው እጅ) ወደ አንድ ወገን፣ ለምሳሌ ወደ ግራ እንዲያይ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።

ቀይና ጥቁሩን ሽቦ አለዋውጦ ሰርቮውን ሊገለብጥ የሞከረም መጥቶብኛል። በፍጹም እንዳታደርጉት! ሰርቮው ይቃጠላል እንጂ አይገለበጥም።

አቅጣጫው ተስተካክሎም አንዱ 35፣ ሌላው 25 ዲግሪ ከወረደ አሁንም ይጋደማል። የምቆጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ወዲያው ሪሞቱን ይዞ ኢንድ ፖይንት (ሰርቮው እስከ የት እንደሚዞር የሚወስነውን ቅንብር) መጎርጎር ይጀምራል። መጀመሪያ ክንዱና ዘንጉ (ክንዱን ከፍላፑ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ይስተካከል፤ ሪሞቱ መጨረሻ ነው።

ሰብ ትሪሙን (የሰርቮውን መሀል በጥቂቱ የሚያስተካክለውን የሪሞት ቅንብር) ዜሮ፣ ኢንድ ፖይንቱን 100 አድርጉና የፍላፑን ማብሪያ መሀል ላይ አቁሙ። ያን ጊዜ ሰርቮው 1500 ማይክሮሰከንድ ላይ፣ ማለትም በጉዞው መሀል ቆሟል። ክንዱን ከዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ ፍላፑ ግን ያኔ ተዘግቶ ሳይሆን በግማሽ፣ 20 ዲግሪ ያህል ወርዶ ይሁን። ፍላፕ እንደ ኤይለሮን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን እንደሚያጋድመው የክንፍ ቅጠል) ላይና ታች አይልም፤ ሥራው ወደ ታች ብቻ ነው። ተዘግቶ ሳለ ክንዱን 90 ላይ የገጠመ ሰው የሰርቮውን ግማሽ ጉዞ ጥሏል፤ ኢንድ ፖይንት የሚጎረጉረውም ያንን ሊያካክስ ነው።

ክንዱ የሚሰካበት ጥርስ ልክ 90 ላይ አልገጥም ካለ መስቀል ቅርጽ ያለውን ክንድ ውሰዱና አራቱንም እጆች በየተራ ሞክሩ። የሰርቮው ጥርስ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ለአራት እኩል ስለማይካፈል እያንዳንዱ እጅ ትንሽ በተለየ ማዕዘን ይቀመጣል፤ አንዱ ይገጥማል። የቀሩትን ሦስቱን ቁረጧቸው። ከዚህ በኋላ የቀረችውን ጥቂት ነገር ብቻ በሰብ ትሪም ሙሉ።

አሁን ማስመሪያ ያዙ። ፍላፑ ተዘግቶ፣ በግማሽ፣ በሙሉ፤ በሦስቱም ላይ የኋላ ጠርዙን ቀኝና ግራ ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር አይለፍ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ሆነው መሀሉ ከተለያየ የክንዶቹ ማዕዘን አንድ አይደለም፤ ፈታችሁ ድገሙት። መሀሉ እኩል ሆኖ ሁለቱ ጫፎች ከተለያዩ ዘንጎቹ የገቡበትን ቀዳዳ እዩ፤ አንዱ ሁለተኛው ላይ፣ ሌላው ሦስተኛው ላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሁሉም ልክ ሆኖ እኩል አልሆን ካለ ሰርቮውን ጠርጥሩ። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ርካሽ ሰርቮዎች በአንድ ትዕዛዝ አንዱ 90፣ ሌላው 80 ዲግሪ ሲዞር አይቻለሁ። ለፍላፕ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አዙራችሁ ጥንድ ምረጡ። ከተለጠፈ በኋላ ክንፍ ቀዶ ማውጣት ያናድዳል።

ፍላፑ ተዘግቶ ሳለ ሰርቮው እንደ ንብ ይጮኻል

ፍላፑ ክንፉን ገፍቶ ቆሟል። ጩኸቱ እስኪጠፋ በዚያ በኩል ያለውን ኢንድ ፖይንት ቀንሱ፤ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይቅር። እየጮኸ ከተዋችሁት ይግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ጥርሱንም ይበላል።

በአየር ላይ ፍላፑ በከፊል ይመለሳል

ዘንጉ ቀጥኗል። የፍላፑ ቀንድ (ዘንጉ ፍላፑ ላይ የሚያያዝበት) ከክንፉ በታች ከሆነ ዘንጉ ሲያወርድ ይጎትታል፤ ቀጭን ሽቦም ይችላል። ቀንዱ ከላይ ከሆነ ግን ይገፋል፤ ያኔ ቀጭን ሽቦ ይጎብጣል። አወፍሩት ወይም አሳጥሩት።

ፍላፑ ሲንቀሳቀስ ሪሲቨሩ ይጠፋል

ቢኢሲው (ለሪሲቨሩና ለሰርቮዎቹ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) አቅም አጥሮታል። ጠንከር ያለ ይግባለት።

አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል

ክንፋቸው ከላይ የሆኑት ላይ የተለመደ ነው። ፍላፑ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ወስዶ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርጉ፤ ከፍላፑ ጋር ኤሌቬተሩ (አፍንጫውን የሚያነሳውና የሚያወርደው የጅራት ቅጠል) በጥቂቱ ወደ ታች እንዲሄድ ሪሞቱ ላይ ሚክስ (ሁለቱን ትዕዛዞች የሚያጣምር ቅንብር) ስጡት። ከ5 በመቶ ጀምራችሁ እየበረራችሁ ጨምሩ።

ፍላፕ ወርዶም አውሮፕላኑ ፈጥኖ ያርፋል

ይህ ብልሽት አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ክንፍ የሚከዳበት (አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው) ፍጥነት ደግሞ በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዳርም ቢሆን 1,800 ሜትር ላይ ነው። በቪዲዮ ያያችሁትን ዝግታ እዚህ ለማምጣት ብላችሁ ኤሌቬተር አትሳቡ፤ በዚያው ይወድቃል። ረጅም ማሳ ምረጡ።

የመጀመሪያውን ሙከራ መሬት አጠገብ አታድርጉት። ከፍ በሉ፣ ፍላፑን በግማሽ ብቻ አውርዱ፣ ጣታችሁ ከማብሪያው አይነሳ። ከተጋደመ በኤይለሮን አትታገሉት፤ ማብሪያውን ወደነበረበት መልሱ።