ሌንሱ ገብቷል፣ እይታው ግን አልተስተካከለም፦ የኤ ስካን ልኬት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የዓይን ሞራ ከተገፈፈላቸው ስድስት ሳምንት ሆኗቸው ለክትትል የመጡ እናት ነበሩ። «እማማ፣ እይታዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ተመስገን ልጄ፣ ምስር ያለ መነፅር እለቅማለሁ። ደጅ ስወጣ ነው እንጂ፣ ሰው ከሰው አልለይም» አሉኝ። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ፈገግ አለ። እኔ ግን ክው አልኩ። ለእማማ የታሰበው ሌንስ ሩቁን የሚያጠራ ነበር፤ መነፅር የሚያስፈልጋቸው ለምስሩ ነው። ነገሩ ተገላብጧል። ቀዶ ጥገናው እንከን አልነበረበትም። ዓይናቸውን በአልትራሳውንድ የለካሁት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ።

ኤ ስካን የዓይንን ርዝመት በድምፅ ይለካል፤ በሞራው ምትክ የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ጥንካሬ የሚመረጠውም በዚህ ርዝመት ነው። ፕሮቡ (በእጅ ተይዞ ዓይን ላይ የሚያርፈው የማሽኑ ክፍል) ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ከኮርኒያ (ከዓይን ፊት ካለው ጥርት ያለ ሽፋን)፣ ከሌንሱ ፊትና ጀርባ፣ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የጀርባ ሽፋን) እየነጠረ ይመለሳል። እያንዳንዱ ስክሪኑ ላይ እንደ ሹል ጫፍ ይቆማል። የአዋቂ ዓይን በአማካይ 23.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። በልኬቱ 1 ሚሊሜትር ከተሳሳትን ውጤቱ ከ2.5 እስከ 3 ዳይኦፕተር (የሌንስ ጥንካሬ መለኪያ) ይዛነፋል።

በብርሃን የሚለኩ አዳዲስ መሣሪያዎች ይበልጥ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ዋጋቸው አይቀመስም፤ ነጭ ሆኖ የደረቀ ሞራ ደግሞ ብርሃን አያሳልፍም። እኛ ጋ በዘመቻ የሚመጣው አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ሞራ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኤ ስካን ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል።

«ቅርቡን አያለሁ፣ ሩቁ ደብዝዟል»

የእማማ ችግር ይሄ ነው። መንስኤው ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ እጃችን ነው ብል አላጋነንኩም። ፕሮቡን ኮርኒያ ላይ ስናሳርፍ ሳናውቀው እንጫናለን። ዓይን ለስላሳ ነው፣ ይጎደጉዳል። ማሽኑ ዓይኑን ካለበት አሳጥሮ ያነባል። ለአጭር ዓይን ጠንካራ ሌንስ ስለሚመረጥ ሰውየው ቅርቡን ብቻ የሚያይ ሆኖ ይወጣል። የተለመደው ጫና ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ያሳጥራል። ሠላሳ ሰው በር ላይ ተሰልፎ እጅ ሲዝል ግን ከዚያም ያልፋል።

እንዴት ይታወቃል? ርዝመቱን ብቻ አትዩ፣ የፊተኛውን ክፍል ጥልቀትም እዩ። ይሄ ከኮርኒያ እስከ ሌንሱ ፊት ያለው ርቀት ነው። ከአሥር ልኬት ውስጥ ይህ ጥልቀት ያነሰበት ልኬት የተጫነበት ነው። ሰርዙት። አማካዩ ውስጥ ከገባ መልካሞቹንም ያበላሻል። ማሽኑን በራሱ እንዲመዘግብ ትቶ መቀመጥ ደግሞ ትልቁ ስንፍና ነው። ማሽን ጫናን አያውቅም።

ዋናው መፍትሄ ግን በውሃ መለካት ነው። ትንሽ ኩባያ የምትመስል ሼል ዓይኑ ላይ ታርፍና ኖርማል ሴላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ይሞላባታል። ፕሮቡ ውሃው ውስጥ ይቆማል እንጂ ኮርኒያን አይነካም። «ጊዜ ይፈጃል» የሚሉ አሉ። ለሁለት ሳምንት ሞክሩት፣ እጅ ይለምደዋል። ጫፎቹ ድንገት ከጠፉ አትደናገጡ፣ አየር ገብቶ አረፋ ሠርቷል ማለት ነው። ውሃውን አፍስሳችሁ እንደገና ሙሉት።

ፕሮቡን በአልኮል ከጠረጋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ አልኮል ኮርኒያን ያቃጥላል።

«ሩቁም ቅርቡም አልጠራም»

ይሄ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ዓይኑ ካለበት ረዝሞ ተነቧል፣ ደካማ ሌንስ ገብቷል። ቀላሉ ምክንያት በፕሮቡና በኮርኒያው መካከል የተጠራቀመ እንባ ወይም ቅባት ነው። ጠርጋችሁ ድገሙት።

ከባዱ ሲሊኮን ዘይት ነው። ለሬቲና መላቀቅ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ዓይኑ ውስጥ ዘይት ሊኖር ይችላል። ድምፅ በዓይን ውስጥ ፈሳሽ በሴኮንድ 1532 ሜትር ይጓዛል፣ በተለመደው ሲሊኮን ዘይት ውስጥ ግን 980 ሜትር ገደማ ብቻ። ማሽኑ ይሄን ካልተነገረው ድምፁ የዘገየው መንገዱ ረዝሞ ነው ብሎ ያስባል። 16 ሚሊሜትር የነበረውን የኋላ ክፍል 25 አድርጎ ይጽፋል። የዘይቱን ፍጥነት ማሽኑ ላይ ምረጡ። ከዚያ በፊት ግን በሽተኛውን ጠይቁ፦ «ከዚህ በፊት ይሄ ዓይንዎ ተነክቶ ያውቃል?»

ቁጥሩ በየልኬቱ ይዘላል

አንዴ 23.1፣ አንዴ 23.9። ድምፁ በመሐል መስመር እየሄደ አይደለም። የሬቲናው ጫፍ ከሥሩ ቀጥ ብሎ መነሳት አለበት። ደረጃ ከሠራ ወይም ከተንጋደደ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር ጣሉት። ከሬቲናው በኋላ የስክሌራ (የዓይኑ ነጭ ግድግዳ) እና ከጀርባው ያለው የስብ ጫፎች ከሌሉ ደግሞ የያዛችሁት የዓይን ነርቭን ነው። ጌይኑንም (የድምፁን ማጉያ) እዩት። ሲበዛ ጫፎቹ ይደፈጠጣሉ፣ ሲያንስ ይጠፋሉ።

ሞራው የጠጠረበት ሰው የፕሮቡን ቀይ መብራት አያየውም። «መብራቱን ይመልከቱ» ማለት ትርፉ ድካም ነው። እጃቸውን ዘርግተው የገዛ አውራ ጣታቸውን እንዲመለከቱ ንገሯቸው። ሰው ባያየውም ጣቱ የት እንዳለ ያውቃል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ከዘለለ፣ በተለይ ዓይኑ ከ26 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ፣ ጀርባው ጎድጉዶ ይሆናል። እዚህ ጋ ኤ ስካን ብቻውን አይበቃም። የዓይኑን ውስጥ በምስል በሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ በቢ ስካን፣ እያያችሁ ለኩ። ሞራው ጀርባ የተደበቀ የሬቲና መላቀቅ ካለም ያኔ ይታያል።

ሁለቱ ዓይኖች አልተስማሙም

ልዩነቱ ከ0.3 ሚሊሜትር ካለፈ ሁለቱንም ድገሙ። ከደገማችሁም በኋላ ካልተለወጠ እውነት ሊሆን ይችላል። ከልጅነት ጀምሮ አንዱ ዓይን ደካማ እንደነበር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ያውቃል።

ልኬቱ ደህና ነው፣ ውጤቱ ግን አይደለም

አሁን ሌሎቹን ቁጥሮች መርምሩ። ኤ ኮንስታንት የሚባለው፣ የሌንሱን ጥንካሬ ስናሰላ የምናስገባው ቁጥር፣ በሌንሱ ዓይነት ይለያያል፤ በ1 ከተዛነፈ ሌንሱም በ1 ዳይኦፕተር ገደማ ይዛነፋል። ለብርሃን መሣሪያ የወጣውን ለአልትራሳውንድ አትጠቀሙ። ብርሃኑ ጠልቆ ስለሚለካ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዘመቻ ላይ ሌንሱ አልቆ በሌላ ሲተካ ቁጥሩን መቀየር ይረሳል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የኮርኒያ ኩርባ የሚለካው ከማደንዘዣ ጠብታውና ከፕሮቡ በፊት ነው። ትራኮማ ኮርኒያውን ጠባሳ ያደረገበት ሰው ላይ ኩርባውን የሚለካው ኬራቶሜትር እሺ አይልም። ያኔ የደህናውን ዓይን ኩርባ መዋስ ከግምት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ላይ የዓይን ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተክል፣ በሽተኛዋ ወደ ማይነስ 18 ዳይኦፕተር፣ ማለትም ቅርቡን ብቻ የምታይ ሆና ነው የወጣችው። ሌንሱ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ነበር። ይሄን ሳስታውስ ትንሽ እጽናናለሁ።

ለእማማ የሩቅ መነፅር ታዘዘላቸው። የሁለተኛው ዓይን ተራ ሲደርስ በውሃ ለካሁት። በፊት በፕሮብ ከጻፍኩት በ0.6 ሚሊሜትር በልጦ ወጣ። ሌንሱ ከገባ በኋላ ምስሩን ትተው በመስኮት ወደ ግቢው አዩና «ያ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ጢም አለው እንዴ?» አሉኝ።